የአቶ ወልደ ሚካኤል ታሪክ በቀብሩ ላይ ያልተነበበበት ምክንያት

ለተከበሩ አቶ ግዛቸው
የእድራችን ዳኛ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

የጭላሎ ውርጭ በጉልበትዎ ላይ እንዳይበረታ፣ ቤተሰብዎ በሙሉ ጤና እንዲውል፣ ድምፅዎም እንደ ወትሮው ከድንኳኑ መግቢያ እስከ መጨረሻው አግዳሚ ወንበር ድረስ እንዲሰማ ምኞቴ ነው። ስለ ድምፅዎ ጤና በተለይ እጸልያለሁ፤ ከዚህ በታች የምለምንዎ ነገር ድምፅ ይፈልጋልና።

ከሁሉ አስቀድሞ አንባቢ ሊረዳው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የአቶ ወልደ ሚካኤል የሕይወት ታሪክ ከኮምፒውተሬ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አልጠፋም። ማንም አልሰረዘውም። ነርስ ለሊሴም አልሰረዘችውም። በቀብሩ ዕለት እንዳይገኝ ያደረግነው እኔና እርስዎ ነን፤ የእኔ ድርሻ ደግሞ ከእርስዎ ይበልጣል። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ በአጥሩ ላይ በማቀበል ፈንታ በእድሩ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩትና በቴሌግራም ቡድናችን የላክሁት፣ ልጅቷ የተወነጀለችው በሕዝብ ፊት ስለሆነ ነው።

እርስዎ የሚያውቁትን ለማያውቁት ላስረዳ። የእኔንና የእርስዎን ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ኢንተርኔታችንም አንድ ነው። ራውተሩ በእኔ ሳሎን ተቀምጦ፣ አንዱ ገመድ በአጥሩ ላይ ወደ እርስዎ ቤት ይሻገራል፣ ሌላው ከጓሮ ወዳለው ክፍሌ ይሄዳል፤ እዚያ ከአርቦዬ የመጣችው ለሊሴ ተከራይታ ትኖራለች። እኔ ከማስተማር ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የእድራችንን ሟቾች የሕይወት ታሪክ እየጻፍኩ በኮምፒውተሬ ላይ «የጋራ» ብዬ በሰየምኩት ፎልደር ውስጥ አስቀምጣለሁ። እርስዎ ከቤትዎ ሆነው ይከፍቱታል፣ ፕሪንተሩ እርስዎ ጋ ስለሆነም አትመው ለቀብሩ ይዘው ይመጣሉ። አሠራሩ ሲሠራ እጅግ የሚያምር ነበር። ችግሩ አንዳንድ ቀን ፎልደሩ መጥፋቱ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ማንም ሳይነካው ተመልሶ መገኘቱ ነበር።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ስለ ምርመራዎ ፍጥነት አመሰግናለሁ። በቀብሩ ጠዋት ታሪኩን ሊያትሙ «የጋራ» የሚለውን ሲከፍቱ፣ በቦታው የሕፃናት ክትባት ሥዕሎችና የነፍሰ ጡር እናቶች የምግብ ሰንጠረዥ አገኙ። ሥዕሎቹ የለሊሴ የሥራ ወረቀቶች መሆናቸውን ወዲያው ለዩ፤ በዚህ ፈጽሞ አልተሳሳቱም። ስልኬ ኪሴ ውስጥ እያለ አለመደወልዎም ሐዘንተኛ ላለማወክ ብለው ነው፤ ይህ ከትሕትናዎ የመጣ ነው። ነገር ግን ጥያቄውን ለእኔ ከማቅረብ ፍርዱን ለሕዝብ ማቅረቡ ቀለለዎት። ሥርዓተ ቀብሩ ተፈጽሞ ታሪኩ የሚነበብበት ሰዓት ሲደርስ ባዶ እጅዎን ከፍ አድርገው፣ «የወንድማችን ታሪክ በተከራይ እጅ ጠፍቷል፤ ሰርዛ የራሷን ነገር ሞልታበታለች» አሉ። የሟቹ ልጅ ትርፌ ታሪኩ ሲነበብ ልትይዘው የአባቷን ፎቶ በደረቷ አቅፋ ቆማ ነበር። ፎቶውን ገልብጣ ወደ ነጠላዋ ሥር አስገባችው።

፪. ስለ ጠየቁኝ ጥያቄም አመሰግናለሁ። በዚያው ቦታ ወደ እኔ ዞረው «መምህር፣ ከእኔና ከእርስዎ ሌላ ወደዚህ ፎልደር መግባት የሚችል ማነው?» አሉኝ። እኔም «ለሊሴ ብቻ ናት» አልኩ። አርባ ዓመት ልጆችን «ለተጠየቃችሁት ብቻ መልሱ» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ለተጠየቅሁት ብቻ መለስኩ። መልሱ ትክክል ነበር፤ በፈተና ወረቀት ላይ ቢሆን ሙሉ ነጥብ ያሰጠኝ ነበር። ያቺ ልጅ ወልደ ሚካኤል በታመመ ጊዜ ከሥራ ስትመለስ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር መርፌውን የምትወጋው፣ ቁስሉን የምታጥብለት እንደነበረች ግን ማንም ስላልጠየቀኝ አልተናገርኩም። ከዚያም በፊት፣ ፎልደሩ ጠፍቶብኝ በተበሳጨሁ ቀን፣ በአጥሩ ላይ «ምናልባት ልጅቷ ነክታው ይሆናል» ያልኩዎ እኔ ነበርኩ። ዘሩን የዘራሁት እኔ ሳለሁ እርስዎን በአጨዳው ብቻ መክሰስ አግባብ አይሆንም። ይህን ክፍል ያለ ፌዝ የጻፍኩት መሆኑን ይወቁልኝ።

፫. እርስ በርስ ስላለን መከባበር ከሁሉ አብልጬ አመሰግናለሁ፤ ፎልደሩን የሰወረው እርሱ ነውና። ይህን ለማወቅ እንዴት እንደሠራሁ ልንገርዎ። ከቀብሩ ማግስት አንድ ነገር ብቻ እየለወጥኩ መፈተን ጀመርኩ። በአጥሩ ላይ ያለው ገመድ ዝናብ ገብቶበት ይሆናል ብዬ በሌላ ተካሁት፤ ለውጥ የለም። የኮምፒውተሩ መከላከያ ዘግቶብን ይሆናል ብዬ አጠፋሁት፤ ለውጥ የለም፣ መልሼ አበራሁት። ከዚያ የራውተሩን የመቆጣጠሪያ ገጽ ከፈትኩና እያንዳንዱ ኮምፒውተር የተሰጠውን ቁጥር ተመለከትኩ። የእኔ ቁጥር ሁለት መሆን ነበረበት። ሁለት ቁጥርን የያዘችው ለሊሴ ነበረች።

እንደሚያውቁት በሰፈራችን መብራት ሲጠፋ ሁላችንም ሶኬት እንነቅላለን፤ ሲመለስ በኃይል መጥቶ እቃ ያቃጥላልና። ራውተራችን ደግሞ መብራት ከጠፋበት በኋላ የትናንቱን አያስታውስም፤ ቀድሞ ለተሰካው ኮምፒውተር ሁለትን፣ ለሚከተለው ሦስትን እያለ እንደ አዲስ ያድላል። ድሮ መብራቱ ሲረጋ «መምህር ይቅደሙ» ይሉኝ ነበር፣ እኔም በዕድሜ ስለምበልጥ እቀድም ነበር፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት እኔ ነበርኩ። እርስዎ ዳኛ ሆነው ከተመረጡ ወዲህ ግን እኔ «ዳኛ ሳይቀድም እንዴት ይሆናል» ማለት ጀመርኩ። እርስዎ «በዕድሜ» ሲሉ እኔ «በማዕረግ» ስል፣ ሁለታችንም ሶኬቱን በእጃችን ይዘን በአጥሩ ግራና ቀኝ ስንገባበዝ፣ አንዳንድ ቀን እርስዎ ይሸነፋሉ፣ አንዳንድ ቀን እኔ። ፎልደሩ የሚጠፋውና የሚገኘው በዚሁ ልክ ነበር፤ እርስዎ ተሸንፈው ሲቀድሙ ይጠፋል፣ እኔ ስቀድም ይገኛል። በቀብሩ ዋዜማ መብራት ሲመጣ ለሊሴ ከሥራ ገና መግባቷ ነበር፤ የእኛን ግብዣ ከየት ትስማው? የራሷን ሰካች፣ ሁለት ቁጥርም ለእሷ ደረሳት።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት በሙሉ የእኔ ነው። በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ፎልደሩን የሚከፍተውን አቋራጭ በኮምፒውተሬ ስም ሳይሆን በቁጥር የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በስም ሲፈለግ ይዘገያል ብዬ። ለሊሴ ሥዕሎቿን በእርስዎ ፕሪንተር እንድታትም ፎልደር ስከፍትላትም፣ ሥርዓት ስለምወድ የእሷንም «የጋራ» ብዬ ሰየምኩት። ስለዚህ እርስዎ ቁጥር ሁለትን ጠርተው «የጋራ»ን ከፈቱ፤ የተከፈተልዎ ግን የእሷ ነበር። አልተሰረዘም፤ የሌላ ሰው በር አንኳኩተው ነው።

፬. በመጨረሻም ስለ ቅንነትዎ አመሰግናለሁ። ይህን ሁሉ በሳሎንዎ ሳስረዳዎ በትዕግሥት ሰሙኝ፣ በዓይንዎ ፊት ስፈትነው አዩ፣ «እውነትም ጥፋቱ የእሷ አይደለም» ብለው በግልጽ አመኑ። ያመኑት በሩ ተዘግቶ መሆኑ ብቻ ነው ቅር ያለኝ። በእድሩ ፊት ይናገሩላት ብዬ ስለምንዎ፣ ነገር ከበረደ በኋላ መቀስቀስ እንደማይጠቅም፣ ጊዜ ሁሉን እንደሚያስረሳ ነገሩኝ። ቀጥሎም «ዳኛ ተሳስቻለሁ ካለ ነገ ማን ይሰማዋል?» አሉኝ። ጥያቄው ከባድ ስለሆነ ቤቴ ገብቼ አሰብኩበት። መልሴ ይኸውልዎ፦ በመጀመሪያ ደረጃ ለሊሴ ትሰማዋለች።

ነገሩ በርዷል ያሉትን በተመለከተ፣ የበረደው በእርስዎ በኩል መሆኑን በአክብሮት እገልጻለሁ። በሠልስቱ ዕለት ለሊሴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ድንኳኑ መጥታ ነበር። በአግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሴቶች አልተቆጧትም፤ አልተጠጉላትም እንጂ። ጥቂት ቆማ ወጣች። እኔ ከወንዶቹ ወገን ተቀምጬ አየኋት፤ ተነስቼ ቦታዬን መስጠት ስችል የጫማዬን ክር ማጥበቅ ጀመርኩ። የኔ ክቡር ጌታ፣ ስለ ፎልደሩ ያጠፋሁት ባለማወቅ ነበር፤ ይህኛውን ግን እያወቅሁ ነው።

በቀብሩ ላይም ቢሆን ወረቀት ባይኖር ታሪኩን የጻፍኩት እኔው ነበርኩ። ወልደ ሚካኤል የሳጉሬን ስንዴ በኮምባይነር ሲያጭድ እንደኖረ፣ የመበለቶችን ማሳ ከሁሉ አስቀድሞ ዝናብ ሳይደርስበት ያነሳ እንደነበረ በቃሌ መናገር እችል ነበር። ዓመተ ምሕረት እንዳልሳሳት ብዬ ዝም አልኩ። ትክክል ያልሆነ ቀን ከመናገር የሰው ስም ሲጠፋ ዝም ብሎ ማየት የቀለለው መምህር ነበራችሁ፤ የቀድሞ ተማሪዎቼ ይህን ሲያነቡ ስለ እኔ የሚሰጡትን ነጥብ በጸጋ እቀበላለሁ።

ፈተናዬን እንደ ጨረስኩ ወደ ለሊሴ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት፣ ምክንያቱንም አስረዳኋት። ገመዱን፣ ቁጥሩን፣ የሶኬቱን ግብዣ ሁሉ። ልብሷን እያጣጠፈች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያም «ቶሌ፣ እሺ ጋሼ፣ ፎልደሩ ከተገኘ ጥሩ ነው» አለችኝ። «እኔን ግን ያዋረዱኝ በቀብር ላይ፣ በሰው መሃል ነው። እርስዎ ጓሮ መጥተው ይቅርታ ይሉኛል።» ወደ ጎበሳ ለመዛወር ማመልከቷንና መፈቀዱን የሰማሁት ከእሷ ሳይሆን፣ አልጋዋን ሊያይ ከመጣው ገዢ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እቃዋ ይጫናል።

በበኩሌ ማድረግ የምችለውን አድርጌያለሁ። ለሦስቱም ኮምፒውተሮች ማንም ቀድሞ ቢሰካ የማይለወጥ ቋሚ ቁጥር ሰጥቻለሁ፣ ፎልደሮቹንም በየባለቤታቸው ስም ሰይሜያለሁ። ትርፌ ቤት ሄጄ የአባቷን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቤላታለሁ፤ ለሊሴ ንጹሕ መሆኗንም ነግሬያታለሁ። ትርፌ ካለቀሰች በኋላ «ታዲያ ይህን ለምን ለእኔ ብቻ ይነግሩኛል?» አለችኝ። በዚህ ምክንያት ነው ደብዳቤው በሰሌዳ ላይ የዋለው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አባላት ለአርባው ዝግጅት ሲሰበሰቡ ቆመው፣ ያንን የሚያምር ድምፅዎን ከፍ አድርገው፣ «ለሊሴ ምንም አላጠፋችም፤ የፈረድኩት ሳላጣራ ነው» ይበሉ። እኔ ከጎንዎ ቆሜ የእኔን ጥፋት በዝርዝር እናገራለሁ፤ የእኔ ረዘም ስለሚል የእርስዎ አጭር መስሎ ይታያል። ልትሄድ ከወሰነች ትሂድ፤ መብቷ ነው። ከአሰላ ስትወጣ ግን ስሟን ይዛ ትውጣ።

ለዳኝነትዎ ያለኝን የማይናወጥ አክብሮት፣ ለጎረቤትነትዎ ያለኝን ፍቅር፣ በራሴም ላይ ያለኝን ኀፍረት በአንድ ላይ አስሬ እጅ እየነሳሁ አቀርባለሁ።

አጥር ተጋሪዎ
መምህር የኋላሸት ወልደጻድቅ
አሰላ

ተጨማሪ፦ ባለፈው ጾም ሳሎኔ ተቀምጠው፣ «ሰው ሲሞት ይቻኮላል» ብለው የራስዎን የሕይወት ታሪክ በቁምዎ አስጽፈውኝ ነበር። ጽሑፉ በፎልደሩ ውስጥ በደህና ይገኛል። «በዳኝነት ዘመናቸው ሰውን ያለ ጥፋቱ አልወቀሱም፤ ሲሳሳቱም በአደባባይ ያርሙ ነበር» በሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ ግን እጄ ቆሟል፤ ያላረጋገጥኩትን መጻፍ አልለመድኩም። ይቆይ ወይስ ይውጣ? ከዓርብ በፊት እባክዎ ይመልሱልኝ።