ሃያ ዓመት የተጠናችው አንድ ደቂቃ

ወንድማችን ከጀልባ ጠጋኙ አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን፣ ለቤቱ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ሆነው፣ በ1954 ዓ.ም. በሐይቁ ዳር ባለችው ከተማ ተወለዱ። እኔ ታላቅ እህታቸው ነኝ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋቸውን፣ ዕድሜ ልኬን "አንተ" ስል የኖርኩትን ወንድሜን ዛሬ "እሳቸው" እያልኩ የሕይወት ታሪካቸውን ሳነብ አፌ ቢይዘኝ ይቅርታ አድርጉልኝ።

በትምህርታቸው ጎበዝ ነበሩ። በየዓመቱ አንደኛ ይወጣሉ፤ ስማቸው ተጠርቶ ሽልማት ይቀበሉ ሲባል ግን እግራቸው መሬት ይይዛል። አባታችን እጃቸውን በሱሪያቸው ጠራርገው ሄደው ይቀበሉላቸው ነበር። ዓይን አፋርነቱ ሲያድጉ ይለቃቸዋል ብለን ጠበቅን፤ አብሯቸው አደገ። በ1972 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሥነ ሕይወት አጠኑ፤ በ1976 ዓ.ም. ተመርቀው በዚሁ ሐይቅ የዓሣ ምርምር ማዕከል ተቀጠሩ። ሌላ ቦታ ሠርተው አያውቁም። በ1981 ዓ.ም. ከሂሳብ መምህርቷ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። "እኔ ባልጠይቀው ኖሮ እስከ ዛሬ አጥራችን ሥር ቆሞ ነበር" ይላሉ ባለቤታቸው፤ እውነታቸውን ነው። ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ።

በየወሩ በጀልባ ወጥተው መለኪያቸውን በገመድ ወደ ሐይቁ ሥር ያወርዳሉ። ትንንሽ ዓሦች ያጠምዱና እንዳይበሰብሱ መድኃኒት ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ነክረው፣ ቀኑን ጽፈው መደርደሪያ ላይ ያኖራሉ። ከዓመታት በኋላ አንድ ነገር ገባቸው፤ ከሥር ያለው ውሃ አየር እያጣ፣ ዓሦቹም እየኮሰመኑ ወደ ላይ እየሸሹ ነበር። ይህን ለማረጋገጥ እሳቸው የሌላቸው ትልቅ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ላቦራቶሪ ያለው፣ አብሯቸው የሚሠራ ሰው ማግኘት ነበረባቸው። አንድ ሰው ብቻ። ሌላ ምኞት አልነበራቸውም።

እንደነገሩኝ ከሆነ ሳይንቲስት ከሳይንቲስት የሚተዋወቀው በኮንፈረንስ ነው፤ እሱም ንግግር በሚደረግበት አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን ውጭ፣ በሻይ ሰዓት፣ ስኒ ይዞ ቆሞ ነው። እዚያ ማንነትህንና የምትፈልገውን በአንድ ደቂቃ መናገር አለብህ። ካለፈ ሰውዬው በትከሻህ ላይ አሻግሮ ሌላ ሰው መፈለግ ይጀምራል። ወንድማችን ይህችን አንድ ደቂቃ ጻፏት፤ ያጠኗትም ጀመር። ከእራት በፊት ወጥ ቤት ውስጥ ባለቤታቸው ጭልፋ እንደያዙ ትልቅ ፕሮፌሰር ይሆናሉ፤ ትንሿ ልጅ ሰዓት ትይዛለች። ባለቤታቸው ለማስለመድ ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ያዛጋሉ፤ እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። ልጆቹ "አንድ ደቂቃ" የሚል ስም አወጡላቸው፤ ስሙም ጸደቀ። ቤት ውስጥ አንዲት ቃል አትሰናከልባቸውም ነበር።

ኮንፈረንስ ላይ ግን ሌላ ነው። ጥናታቸው የታተመበትን ትልቅ ወረቀት፣ ፖስተር የሚሉትን፣ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ከጎኑ ይቆማሉ። የሻይ ሰዓት ሲሆን ሰው ሁሉ ይወጣል፤ እሳቸው "ትቼው ብሄድ ሰው መጥቶ ያጣኛል" ብለው ይቀራሉ። እንዲህ ፖስተር ሲጠብቁ ከርመው ይመለሳሉ። "ዛሬስ ማንን አገኘህ?" ሲሏቸው "በሚቀጥለው" ይላሉ። በሚቀጥለውም መልሳቸው "በሚቀጥለው" ነው።

በ1997 ዓ.ም. ባለቤታቸው አዲስ ግራጫ ኮት ገዝተውላቸው፣ ዘንድሮ ከፖስተሩ እንዲላቀቁ አስማሏቸው። ማሉ፤ ሄዱም። እዚያ እንደደረሱ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለው ስማቸው ያለበት ባጅ ዞሮ ባዶ ጎኑ ወጣ። አይተውታል። ሰው ስማቸውን ሲያነብ ስለሚያፍሩ እንዳለ ተዉት። በዚያው ቀን አንዲት ከሌላ አገር የመጡ ተመራማሪ፣ የወንድማችንን ጽሑፍ አንብበው፣ ላቦራቶሪም በጀትም ይዘው፣ በየሰዉ ደረት ላይ ባጅ እያነበቡ ይፈልጓቸው ነበር። ፖስተሩ ጋ ቆመው ጠበቋቸው፤ ወንድማችን ግን መሐላቸውን አክብረው ሻይ ሊጠጡ ሄደዋል። ሴትዮዋ ተስፋ ቆርጠው ወደ ሻይ ሰልፉ መጡና ከወንድማችን ኋላ ቆሙ። ባዶውን ባጅ አዩ። ወንድማችን ስኳር አቀበሏቸው፤ "አዳራሹ ይቀዘቅዛል" ተባባሉና ተለያዩ። ኋላ የጻፉላቸውም ደብዳቤ በማዕከሉ አለቃ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ወንድማችን ያኔ ይህን ሁሉ አላወቁም።

በ2010 ዓ.ም. ሳንባቸውን ታመው እቤት በዋሉበት ወቅት፣ ማዕከሉ ክፍሉን ለስብሰባ ስለፈለገው ብልቃጦቹ ተደፍተው ታጠቡ። ወንድማችን ሲሻላቸው ሄደው ባዶ መደርደሪያ አገኙ። ቤት መጥተው ጫማቸውን ሳያወልቁ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡና "በቃ፤ ሐይቁ ምስክር የለውም" አሉ። ከዚያ ወዲህ ያችን አንድ ደቂቃ ከአፋቸው ሰምተን አናውቅም። በሕመማቸው ምክንያት ቀድመው ጡረታ ሲወጡም ሐይቁ ዳር መሄድ ተዉ፤ መስኮታቸው ወደዚያ ስለሚያሳይ መጋረጃውን ዘግተው ይውሉ ነበር።

ባለፈው ወር ሕመሙ ጠንቶባቸው ሆስፒታል ሳሉ፣ ያቺ ተመራማሪ ለሌላ ሥራ ወደዚህ መጥተው፣ ሰው ጠይቀው አፈላልገው አልጋቸው አጠገብ ተቀመጡ። ስለዚያ ኮንፈረንስ ሲያወሩ ባጁ ባዶ የሆነ አንድ ግራጫ ኮት የለበሰ ሰው አነሡ፤ የአዳራሹ ሠራተኛ መስሏቸው ነበር። ባለቤታቸው "ኮቱን የገዛሁለት እኮ እኔ ነኝ" ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። ወንድማችን "አዎ፤ አዳራሹ ይቀዘቅዝ ነበር" አሉ። ሴትዮዋ ብልቃጦቹን ለማየት ጠየቁ። ትልቋ ልጅ ተደፍተው መታጠባቸውን ነገረቻቸው። ያኔ ወንድማችን ከትራሳቸው ቀና ብለው አንድ ደቂቃቸውን ጀመሩ፤ "ለብቻዬ" የምትለው ቃል ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ አጠራቸው። የቀረውን ባለቤታቸውና ልጆቻቸው እየተቀባበሉ ጨረሱላቸው። ሴትዮዋ አለቀሱ። ያለ ብልቃጦቹ ሐይቁ ከዚህ በፊት ምን እንደነበረ ማንም ሊያረጋግጥ እንደማይችልም ነገሩን። ሊያጽናኑን ብለው አልዋሹንም።

ወንድማችን መጋቢት 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። እዚህ ላይ ተጽናኑ ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። እጅ ዘርግቶ ያችን ባጅ የሚያዞርላቸው አንድ ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል መጥፋቱ እስክሞት አይወጣልኝም።

የሥራ ባልደረቦቻቸው ዛሬ ሁላችሁም መጥታችኋል። ስለዚህ በሕይወት ሳሉ ያልሰማችኋቸውን ላንብብላችሁ። አንድ ደቂቃ ናት፤ አትሂዱ።

"እንደምን ዋሉ። እኔ ትንንሽ ዓሦች የማጠና ሰው ነኝ። የእኛ ሐይቅ ከሥሩ አየር እያጣ ነው። ከላይ ሲያዩት ያማረ ስለሆነ አይታወቅም፤ ዓሦቹ ግን አውቀው እየሸሹ ነው። ለብቻዬ ስለካ ኖሬያለሁ፤ ብቻውን የለካን ሰው ደግሞ የሚያምነው የለም። አብሮኝ የሚለካ ሰው እፈልጋለሁ። ስላዳመጡኝ አመሰግናለሁ።"

ፈጣሪ የወንድማችንን ነፍስ፣ ስሙ ሳይነበብ ሰው በሚታወቅበት ቦታ ያሳርፍልን።