ደንገል ያነሰው ምንጣፍ

ጥቅምት 4
ከረግረጉ ለምንጣፍ የሚሆን ደንገል አጨድኩ። ማጭዴን ወንድሜ ስሎልኝ ነበር፣ እንደ ወትሮው። ረግረጉ ከሥሩ ምንጭ ስላለው በበጋም ጭቃ ነው፤ እስከ ጉልበቴ ሰመጥኩ፣ አንድ ጫማዬም እዚያው ተውጦ ቀረ። የወንድሜ ልጅ ለከርሞ ታገባለች። የመኝታ ምንጣፏን እኔ እሠራለሁ ብያለሁ። ሰፊ ነው፣ የዘንድሮና የከርሞ አጨዳ ይፈልጋል።

ኅዳር 19
ወንድሜ ከባቄላ ማሳው እስከ ጅረቱ ቦይ ቆፈረ። ውሃ እየተኛበት የባቄላው ሥር ይበሰብሳል። እውነቱን ነው፣ አምና ባቄላው ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። ግን ቦዩ ረግረጉን ታክኮ ነው የሚያልፈው። ያደርቅብኛል ብዬ ነገርኩት። «እትዬ፣ ከእንግዲህ ጫማሽ አይቀርም» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ምን ልበል?

መጋቢት 8
የባቄላው ምርት ጉድ ነው። ወንድሜ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ለእኔም ላከልኝ። ጣፈጠኝ... በራሴ ተናደድኩ።

ሐምሌ 27
የዝናቡ ውሃ በቦዩ እየተንደረደረ ጅረቱ ውስጥ ይገባል። በአንድ እርምጃ የምሻገረው ጅረት መሬቱን እየቦረቦረ ቁልቁል ወርዷል። ዳርቻው ሲናድ ከደጃፌ ይሰማኛል።

ጥቅምት 11
ለሁለተኛው አጨዳ ወረድኩ። እግሬ አልሰመጠም። ደንገሉ ከወገቤ በታች ቀርቷል፣ ጫፉ ተቃጥሏል። ምንጩ የነበረበትን በእጄ ጫርኩ፤ እርጥብ አፈር ብቻ። ጅረቱ ጠልቆ ውሃውን ከሥር እየሳበው ነው። አምና የቀረውን ጫማዬን አገኘሁት። ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

ጥር 6
የወንድሜ ባቄላም ሳያፈራ ጠወለገ። መጣና ቦዩን እንድፈነው አለኝ። ድንጋይና አፈር ስንሞላ ሰነበትን። ውሃው አልተመለሰም። ቦዩስ ይደፈናል፣ የወረደ ጅረት በምን ይነሣል? ወንድሜ አካፋውን ተደግፎ ቆመ። «ማሳዬን ብቻ እኮ ነበር ያሰብኩት።»
አዘንኩበት። አዘንኩለትም።

የካቲት 22
ደንገሉ ካለቀበት ላይ የምንጣፉን ጠርዝ ቋጨሁት። ልጅቷ ከአባቷ ጋር መጣች፣ ዘረጋችውና ጎኗን አሳርፋ ለካችው።
«አክስቴ፣ ይሄ ለአንድ ሰው ነው እንዴ?»
አባቷን አየሁት። አቀርቅሯል።
«የደረሰው ይኸው ነው» አልኳት።
ጠቅልላ ስማኝ ወጣች። ወንድሜ ግን ወደ ኋላ ቀረ። ማጭዴን ከግድግዳው ላይ አወረደና ስዬው እመጣለሁ አለኝ። የሚታጨድ ደንገል እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን።