ተስቦ አይደለም፣ ወባ ነው

ጥቅምት 9
ከደባርቅ እስከ ዳባት እንደ እኔ ፈጥኖ ፊደል የለየ የለም። እሺ... ከማታ ክፍላችን። አጠገቤ የሚቀመጠው ጎረቤቴ አለነ ትንሽ ይቀድመኛል፤ ግን ይህን ደብተር አይየው።
ዛሬ ከቆላው ከዛሪማ፣ ከሰሊጥ አጨዳ ገባሁ። ቤቱ ጭር ብሏል። ነገ አለነን የማስቅበት ወሬ ይዣለሁ።

ጥቅምት 11
አንቀጠቀጠኝ፣ ከዚያ አነደደኝ። አለነ በሩ ድረስ መጣ። «ምን ሆንህ?» «ትኩሳት።» እዚያው ቆመ። አባቱን የወሰደበት ተስቦ ነው... አውቃለሁ። ተመለሰ።

ጥቅምት 13
ትናንት ለቆኝ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ መጣ። ጤና ጣቢያ ለመድረስ እግሬ አልችል አለ። የአለነ ሚስት ገበያነሽ ምሳዬን አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ አኑራ ልትሄድ ስትል ጮህሁ።
«ተስቦ አይደለም፣ ወባ ነው። ተስቦን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፣ በቅማል ይተላለፋል። የወባው ሌላ ተሕዋስ ነው፣ ያለ ትንኝ አይሻገርም። እኔን የነከሰችኝ ዛሪማ ነው፤ እዚህ ብርድ ላይ የወባ ትንኝ ከየት ይመጣል? ብትገቢም አይይዝሽም።»
«ማን አለ?»
«መምህርት ሃና፣ በማታ ክፍል።»
«አንተ አይደለህ ጅብ ጋልቤ ቡይት ራስ ተራራ ላይ ወጣሁ ያልኸን?»
ሄደች። ያን ጊዜ እኮ እሷም ስቃለች...

ጥቅምት 14
ሰው የለም። ለራሴ ቀልድ ነገርሁ። አልሳቅሁም።
ከአምና ቁስሌ የተረፈ የአንቲባዮቲክ ካፕሱል አለ። ልዋጠው? መምህርቷ ምን ነበር ያሉን... «እሱ ለባክቴሪያ ነው። የጉንፋን ቫይረስ አይሞትበትም፣ የጭርት ፈንገስም አይሞትበትም። ወባም የራሱ መድኃኒት አለው።» መልሼ አስቀመጥሁት። ብልህ ሆኛለሁ። ማን ያይልኛል?

ጥቅምት 15
ዛሬ ባሰ። አለነ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ጠራኝ።
«ማልልኝ።»
«ምን ብዬ?»
«የጅቡን ጊዜ ማል ስንልህ በሳቅ አመለጥህ። አሁን ማል።»
«ደረስጌ ማርያምን፣ ለገበያነሽ የነገርኋት ከክፍል የሰማሁትን ነው። አንድም አልጨመርሁ።»
ከዚያ ገባ። ነጠላውን እስከ አፍንጫው ጠቅልሏል። «ጨዋታህ ናፍቆኛል» ብሎ ከአልጋ አነሣኝ።

ጥቅምት 19
አለነ ያደረሰኝ ጤና ጣቢያ ከጣቴ ደም ወስደው አዩ። ወባ። በክኒኑ ተሽሎኛል። ገበያነሽም ምሳዬን ቤት ታስገባለች። ግን አፌን ስከፍት ሁሉም «መጀመሪያ ማል» ይለኛል። ቀልድ እጀምርና እተወዋለሁ...
እዚህ የጻፍሁት እውነት ነው፣ ከአንዱ በቀር። አለነ «ጨዋታህ ናፍቆኛል» አላለም። ዝም ብሎ ነው ብብቴን ደግፎ ያነሣኝ። ቃሉን የጨመርሁት እኔ ነኝ። በዚያ ቃል ማል ቢሉኝ... አልምልም።