የሁለት ስንዝሩ መጋዝ

ታኅሣሥ 12፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

ሞረዱ ጣቴን ላጠው። ብርዱ ስላደነዘዘኝ አልተሰማኝም። ሌሊት ውርጭ ወርዶ ጎሽን አመድ አስመስሎታል። ጠርጌ ጥርሱን መሳል ጀመርኩ፤ ግማሹ ቀረኝ። (ጎሽ ሞተር መጋዜ ነው። አንተ አዲስ ደብተር ስለሆንክ ነው የምነግርህ። ያለፈው ደብተር ያውቀው ነበር፤ አይጥ በላው።)

እትዬ አልማዝ ከአጥሩ ማዶ ጠራችኝ። እህቴ ናት፤ ታላቄ ናት፤ ስትጠራ ሞረድም ሻይም ይጣላል። የልጇ የሰናይት ሠርግ ጥር 19 ሆኗል። የእድሩን ድንኳን አልፈልግም አለች። ልጄ የምትዳረው አባቷ በተከለው ባሕር ዛፍ በሚሠራ ዳስ ነው አለች። ይሄ ማለት እኔ ማለት ነው። በዚህ በአንኮበር መንገድ ዳር ዳስ ሲታሰብ፣ ሽመልስን ጥሩት ነው የሚባለው። ደረቴን ነፋሁ።

ቀጥላ ግን የሟች ባሏ ወንድም፣ ግርማ፣ ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው አለችኝ። ሦስት ሞተር መጋዝ ገዝቶ።

ሦስት! ስንት እጅ አለው? ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። የኔ ሳቅ ቶሎ አለቀ።

ታኅሣሥ 13፣ ዓርብ፣ ማታ

መጣ። ከዛሬ ጀምሮ ስሙን ሙሉ አልጽፍለትም። ግ. ይበቃዋል።

ፒካፑን አቁሞ ጆንያ አነጠፈ። በላዩ ሦስቱን ደረደራቸው፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። ፎቶ ሊነሱ የተሰለፉ ወንድማማቾች ይመስላሉ። አዲስ ናቸው። ቀለማቸው ያብለጨልጫል። ጎሽን ከመንገድ ሥራ ካምፕ ስገዛው ቀለሙ የት እንደገባ እንኳ የሚያውቅ አልነበረም።

ግ. ሰላም አለኝ። ጋሽ ሽመልስ፣ እርስዎ እንዴት ነዎት፣ ጤናዎ፣ ብርዱ። አንቱታው አናደደኝ። ጨዋ ሰው ላይ መቅናት ያደክማል፤ የሚይዙት ጆሮ የለውም።

ዞር ሲልልኝ ምላሶቻቸውን፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅሙን ብረት ማለቴ ነው፣ በስንዝር ለካሁ። ትንሹ ስንዝር ተኩል። መካከለኛው ሁለት። ትልቁ ሁለት ተኩል ከምናምን። ጎሽ ሦስት ከአራት ጣት ነው። በዚህ እንኳ በለጥኩት! ተመስገን።

ደስታዬ ሳይውል ሰናይት ትንሹን አነሳችው። ገመዱን ስባ አስነሳችው። አንድ አጣና ቆረጠች፤ ሁለተኛ ቆረጠች። በሳቅ ፈረሰች።

ልጅ ሆና፣ ጋሼ ጎሽን ስጠኝ ትለኝ ነበር። ስታድጊ እላታለሁ። አድጋ አስተማሪ ሆነች፤ አሁንም ስትጠይቀኝ ስታድጊ ነው የምላት። የኛ ቀልድ ነው። ጎሽን ግን አንድም ቀን ከመሬት ማንሳት አልቻለችም። ለካ የጎደለው ዕድሜ አልነበረም። ስንዝር ተኩል መጋዝ ነው የጎደለው። እሱን ደግሞ ያመጣላት ሌላ ሰው ነው።

ከዚያ «ጋሼ!» ብላ ተጣራች። ሁለታችንም ዞርን። ስታይ የነበረው ግን ግ.ን ነው።

ራቴን አልጨረስኩም።

ታኅሣሥ 15፣ እሑድ፣ ከሰዓት

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሲባጎ ይዤ የአልማዝ ባሕር ዛፍ ውስጥ ገባሁ። በየግንዱ ውፍረት ልክ ቋጠሮ እየቋጠርኩ ዛፍ ለካሁ። ያየኝ ሰው አበደ ይላል፤ ይበል።

ማንም አላስተማረኝም፤ ከእንጨቱ ነው የተማርኩት። የመጋዙ ምላስ ከግንዱ ውፍረት ትንሽ መርዘም አለበት። ካጠረ ዛፉን እየዞርክ ትቆርጣለህ፤ ዛፉም ወዴት እንደሚወድቅ ይረሳዋል። በጣም ከረዘመ ደግሞ ጫፉ ሳታስበው ሌላ እንጨት ይነካና ዘሎ ወደ ፊትህ ይመጣል። ቅርንጫፍ በጎሽ ስመለምል ስንት ጊዜ ዘልሎብኛል! ወገቤን ስንት ዓመት በላው! ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ላንተ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሲባጎው የሚለው ይህን ነው። ለአግዳሚና ለቅርንጫፍ፣ ትንሹ። ለዳሱ ቋሚ፣ ለድግሱ ማገዶ፣ ባጠቃላይ እዚህ ግቢ ለቆመው ለዛፍ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ መካከለኛው። ጎሽን የሚፈልግ አንድ ዛፍ ብቻ ነው። በሩ አጠገብ ያለው አሮጌ ባሕር ዛፍ፣ ወደ ዳሱ ቦታ ያዘነበለው። የግ. ትልቁም ለሱ ያጥራል።

አንድ ዛፍ። ሌላውን ሁሉ ስንት ዓመት በማይሆን መጋዝ ስቆርጥ ኖሬያለሁ። ሲባጎውን ኪሴ ከተትኩት። ለማንም አላሳየሁም።

ታኅሣሥ 17፣ ማክሰኞ፣ ማታ

እ.አ. (እትዬ አልማዝ) ዛሬ ጠርታ አስቀመጠችኝ። ግ.ም ነበር። ሰናይት ከሰዓት ፈረቃ ስለሆነች ትምህርት ቤት ናት። ነገሩ እንዲህ ነው። ግ. ከሠርጉ በኋላ ሁለቱን ይዞ ይመለሳል። አንዱን ለሰናይትና ለእናቷ ስጦታ ይተዋል። የትኛውን ልተው? አለ። ዛፉን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ሻጩ ያለኝን ነው የገዛሁት፤ እርስዎ የመረጡት ይሆናል አለ።

መልሱ እኔ ኪሴ ውስጥ ነው። በሲባጎ።

ግን አሰብኩ። መካከለኛው ከቀረ ሰናይት ራሷ ትቆርጣለች። እናቷ ማገዶ ሲያልቅባት ከአጥር ማዶ አትጠራኝም። ትልቁ ከቀረ ሰናይት አታነሳውም። ጋሼ ና ትላለች። እኔም እመጣለሁ፤ ስታድጊ እላታለሁ።

«ትልቁን» አልኩ።

ግ. አንገቱን ነቀነቀ። ያለምንም ጥርጣሬ። እ.አ. ግን ሰናይት ትችለዋለች ወይ ብላ ጠየቀች። ትለምደዋለች አልኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም።

መካከለኛውንም እንሞክረው፤ ዓርብ ጎረቤት ሲሰበሰብ እናያለን ብላ ነገሩን ዘጋችው። ስትጠረጥር እንዲህ ናት፤ ከልጅነታችን ጀምሮ።

ታኅሣሥ 19፣ ሐሙስ፣ ረፋድ

ገብርኤል ነው። አገር ምድሩ ቤተ ክርስቲያን ነው። እኔ የት ነኝ? የእትዬ አልማዝ ዕቃ ቤት ውስጥ ተንበርክኬ።

የመካከለኛውን ሰንሰለት ፈታሁ። አዞርኩ። መልሼ አሠርኩ። ሌላ ምንም አልነካሁም። የሰንሰለቱ ጥርስ ከምላሱ በላይ ሲያዩት ወደ ፊት፣ ወደ ጫፉ ማየት አለበት። ወደ ቆራጩ ካየ ይጮኻል፣ ይጨሳል እንጂ አይቆርጥም። ማንንም አይጎዳም። ያዋርዳል ብቻ።

በገብርኤል ቀን! ግን ደግሞ ነገ የግ. ፊት ሲታየኝ ሳቄን ያዝኩ። ልጅ ሆኜ የሰው ጫማ ውስጥ ድንች ስከት አደርግ እንደነበረው።

ታኅሣሥ 20፣ ዓርብ፣ ማታ

ሆነ።

ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ግ. ካፖርቱን አውልቆ፣ ጓንት አጥልቆ መካከለኛውን አስነሳ። ጮኸ። ግቢው ውስጥ የተጋደመ ግንድ ላይ አሳረፈው። ጭስ ወጣ። ተጫነው። ሌላ ጭስ። ቅርፊቱ ጠቆረ እንጂ አልተቆረጠም። ላብ ከግንባሩ ይንጠባጠባል፤ በዚህ ብርድ!

ላቀው፣ የታችኛው ጎረቤታችን፣ አላስቻለውም። «አቶ ግርማ፣ ዛፉን እየቆረጡት ነው ወይስ እያጠኑት?» አለ። ሰው በሳቅ ተንፈራፈረ። እኔ ከሁሉም በላይ። «ተዉት፣ ለወገብ ሕመም መታጠን ጥሩ ነው!» አልኩ። ጨመሩበት።

ግ. ሞተሩን አጠፋ። ጆሮው ቀልቷል። ሻጩ አታልሎኛል፤ ይሄን እመልስለታለሁ አለ ቀስ ብሎ። ጋሽ ሽመልስ ልክ ነበሩ፤ ትልቁ እዚህ ይቅር አለ። ከዚያ ወደ እ.አ. ዞረ። ዳሱንም እሳቸው ቢሠሩት ይሻላል፤ እኔ የከተማ ሰው ነኝ፤ ከእንግዶቹ ጋር እመጣለሁ። ሰኞ ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ አለ።

ጎሽን አስነስቼ ያንን ግንድ በሰው ፊት ለሁለት ከፈልኩት። አጨበጨቡ።

አሸነፍኩ። ሙሉ በሙሉ።

ሰናይት አላጨበጨበችም። ጎንበስ ብላ መካከለኛውን መጋዝ ታይ ነበር። ብዙ ቆየች።

ሽሮው ጨው የለውም ብዬ ወጥ ሠሪዋን ልቆጣ ነበር። ወጥ ሠሪው እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 21፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ሰናይት መጣች። ጣቶቿ ዘይት ነክቷቸዋል። ሰንሰለቱን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው።

«ይሄን ማን አዞረው?»

«ነፋስ ይሆናላ» አልኩ። «የጣርማ በር ነፋስ እንኳን ሰንሰለት፣ መኪና ያዞራል።»

ሌላ ጊዜ ትስቅ ነበር።

«ጋሼ፣ ጥርሱ ወዴት ማየት እንዳለበት ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ሰባተኛ ክፍል ሆኜ፣ ሞረድ አቀባይህ ሆኜ። በዚህ ሰፈር ይሄን የምናውቀው ሁለት ነን። እኔ አላዞርኩትም።»

ሞረዴን አንስቼ በጨርቅ መጥረግ ጀመርኩ። 

ለማንም አልነገርኩም አለች። ጠዋት አስተካክላ ብቻዋን ሞክራዋለች። ቅቤ ነው የሚመስለው፤ እስከ መጨረሻው ቆረጠልኝ አለች። ጋሼ ግርማ አባዬን ሊቀብር እንኳ አልደረሰም፤ መንገድ ተዘግቶ ጫጫ ላይ ነው የቀረው አለች። በወንድሙ ዛፍ አንድ ቋሚ ልትከል ብሎ ነው ይሄን ሁሉ ያግበሰበሰው። አንተ ያላቆምከው የቤታችን ነገር የለም፤ በሩም፣ አጥሩም፣ እኔም። ለሱ የቀረው ይሄ ብቻ ነው አለች።

ከዚያ ደግሞ ትልቁን ለምን አልክ? ብላ ጠየቀችኝ። ሲባጎዬን ኪሴ ውስጥ ዳሰስኩ።

መልሴን አልጠበቀችም።

«አንተን የምጠራህ ለእንጨት ነው እንዴ?»

ሰንሰለቱን ጠቅልላ ወጣች። ሻይ እንኳ አልጠጣችም። በሩ ላይ ስትደርስ ዞራ ታየኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልዞረችም።

ታኅሣሥ 22፣ እሑድ፣ ማታ

ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ሰው ቢያሾፍ ምን አለበት? በስንቱ አሹፌ አልፎ የለም እንዴ? ሁልጊዜ ግን የተሾፈበት ሰው መጨረሻ ላይ አብሮኝ ይስቃል። ግ. የሳቀው የት ላይ ነው? እስካሁን መጋዝ ሻጩን ነው የሚያማው።

ደግሞ እውነቱን ልንገርህ። ሦስቱን መጋዝ ቢሰጠኝ ቅናቴ አይበርድም። እኔ የፈለግኩት ሰናይት አጣናውን ስትቆርጥ የሳቀችውን ሳቅ ነው። እሱ የኔ መሆን ነበረበት። ስንት ዓመት እጄ ላይ ነበር፤ ትንሽ መጋዝ ማምጣት ብቻ ነበር የሚጠይቀው። ጎሽን ብቻ ታቅፌ ተቀመጥኩ።

ወደ እ.አ. ሄድኩ። ሲባጎውን አሳየኋት። የሚቀረው መካከለኛው ነው አልኳት። ለዚህ ግቢ ለሁሉም የሚበቃው እሱ ነው፤ የሰናይት ክንድም ይችለዋል፤ ትልቁን ማንም አይፈልገውም። ለምን ማክሰኞ አልተናገርክም? አለች። ኪሴ ውስጥ ረስቼው አልኩ። አየችኝ። አላመነችም። ግን ቂጣ ቆርሳ ሰጠችኝ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ይቅርታዋ እንደዚህ ነው።

ግ. ነገ እንዳይሄድ ለምኚው አልኳት። በሩ ላይ ያለውን አሮጌ ዛፍ ብቻዬን አልጥለውም ይላል በይው። ነገርየው ውሸት አይደለም። ወገቤ አይችልም።

ታኅሣሥ 24፣ ማክሰኞ፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ

ተክለ ሃይማኖት ነበር፤ ሥራ የለም። ነገ ጠዋት አሮጌው ዛፍ ይወድቃል። ግ. አልሄደም። ሰው ሁሉ ይመጣል፤ ላቀውም አፉን ይዞ።

ነገ የማደርገውን እዚህ ልጻፈው፤ ጠዋት ብፈራ እንኳ አንተ ታስታውሰኛለህ።

ካፖርቴን አውልቄ፣ ምራቄን እጄ ላይ እንትፍ ብዬ፣ ጎሽን በሰው ሁሉ ፊት አስነሳለሁ። ግንዱ ላይ አሳርፈዋለሁ። ይጮኻል፣ ይጨሳል፣ አይቆርጥም። ላቀው የዓርቡን ቀልድ ይደግመዋል፤ ይድገመው። እስኪጠግቡ ይሳቁ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቼ ለግ. ሰንሰለቱን አሳየዋለሁ። ጥርሱ ወዴት እንደሚያይ። ያንተንም በገብርኤል ዕለት ያዞረው ይኸው እጅ ነው እለዋለሁ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። ቢሰድበኝ ይስደበኝ። አንቱታውን ትቶ አንተ ቢለኝ ደግሞ እንዴት ደስ ባለኝ።

ከዚያ ሰንሰለቱን አብረን እናስተካክላለን። ጎሽን ለሱ እሰጠዋለሁ። የወንድሙን ዛፍ እሱ ይጣለው። እኔ አንድ አርባ እርምጃ ርቄ መውደቂያውን አሳየዋለሁ፤ ሲወድቅ ስንዝር ተኩሉን ይዤ ቅርንጫፍ እመለምላለሁ። ሰናይት መካከለኛውን ይዛ ግንዱን ትከታትፋለች። ሦስት ሰው፣ ለያንዳንዱ የሚሆነው መጋዝ። ይሄን ለመረዳት ይሄን ሁሉ ዓመት!

ቅናቱ ወጣልህ ወይ ብትለኝ፣ አልወጣም። ጎሽ በግርማ እጅ ሲያጓራ ሆዴ እንደሚቆረጥ ከአሁኑ አውቃለሁ። ይቆረጥ።

(ስሙን ሙሉ ጻፍኩለት። ልሰርዘው ነበር፤ ተውኩት።)

አሁን ሰንሰለቱን ፈትቼ አዞርኩት። ሰናይት ከአጥሩ ማዶ ጋሼ፣ ምን እየሠራህ ነው? ብላ ተጣራች። በበዓል ቀን ምን እሠራለሁ አልኳት። ሳቀች። መጣች መሰለኝ፤ በሩ ተንኳኳ። ጎሽ ጉልበቴ ላይ ተኝቷል፤ ጥርሶቹ ሁሉ ወደ እኔ ያያሉ።