ከልብ ማለት ውሻ ነው

ሰኞ

ለካ ውሃ ነው! የልጅ ልጄ ከጠዋት ጀምሮ «ሞያ፣ ሞያ» እያለች ስታለቅስ ደብሪቱ ሙያዋ የተደነቀላት መስሏት ሽሮውን ትጨምርላታለች። «ይስሙ የኔታ፣ ሕፃኗ እንኳ ሙያዬን አወቀችልኝ» ትለኛለች ባለቤቴ። ልጅቱ ይብስባታል። በመጨረሻ ራሷ ተነሥታ ከእንስራው ቀድታ ጠጣች። አጠጣጧ አንጀቴን በላው።

ራሄል የልጄ የዘነቡ ልጅ ናት። ሳዑዲ ተወልዳ፣ ከእናቷ አሠሪ ልጆች ጋር አድጋ፣ ሰው ሁሉ ከዚያ ሲመለስ አብራ መጣች። አማርኛ አታውቅም። ዘነቡ ልጇን እኛ ዘንድ ትታ ሥራ ልትፈልግ ደሴ ሄዳለች፤ እስከ እሁድ አትመጣም። ስልክ እዚህ አይሠራም። መካነ ሰላም ብንሆን ዓረብኛ የሚችል ተመላሽ ሞልቷል፤ እዚህ ገጠር፣ ደብሩ ሥር፣ ያለነው ግን እኔ፣ ደብሪቱና ፊደል የማስቆጥራቸው ልጆች ነን።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ፣ አንዳንዴ ከጎኗ ሆኜ ስጠራት አትዞርም። ፊት ለፊቷ ስሆን ግን ሁሌ ታየኛለች። ኩርፊያ ይሆን?

ማክሰኞ

የጎረቤት ውሻ በራችን ላይ ቆመ። ራሄል ጋቢዬን ጨምድዳ «ከልብ! ከልብ!» ብላ ጮኸች።

ደብሪቱ «ውይ፣ ከልቧ ነው የፈራችው» አለች። እኔም የሰማሁት እንደዚያው ነው።

ውሻው ሲባረር ልጅቱ በጣቷ እያሳየች ቀስ ብላ ደገመችው። «ከልብ።» አሁን ልብ አልኩ፤ «ብ»ዋ አልጠበቀችም። እኛ ነን አጥብቀን የሰማናት።

ከልብ! በግዕዝ ውሻ! ዳዊት ስደግም «ከለባት» እላለሁኮ። ያው ቃል ከሕፃን አፍ ሲመጣ ግን ጆሮዬ ወደ አማርኛው ሮጠ። የለመደውን ይይዛል፤ ያልለመደውንም አስመስሎ ይይዛል። ከእንግዲህ በአማርኛ አልሰማትም።

ረቡዕ

ድል! ጠዋት «ሐሊብ» አለችኝ። ወተት!

ደብሪቱ «ማን ነገረዎ?» አለችኝ። «ግዕዝ» አልኳት። ራስ አለች፣ ራስ ነው። ዐይን አለች፣ ዐይን ነው። ሁሌ ግን አይሠራም። «ባስ» ስትል በግዕዝም በአማርኛም ፈለግሁት፤ የለም። ሳህኑን ስትገፋው ነው «በቃኝ» ማለቷ የገባኝ።

ሌላም አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ እያልኩ አስቆጥሬአለሁ። በአፋችን ግን ሦስቱም አንድ ናቸው። እሷ «ሐሊብ» ስትል ከጉሮሮዋ ሥር ነው። አለቀ ለማለት «ኀላስ» ስትል ላንቃዋን ትፍቀዋለች፤ እዚህ ለማለት «ሂና» ስትል ትንፋሽ ብቻ። መጀመሪያ አልለየኋቸውም። ፊቷ ተቀምጬ ደጋግሜ አስደገምኳት። ሰለቻት፤ ሳቀችብኝ። ከሰዓት በኋላ ሰማሁት! ሦስቱም በአንዲት ትንሽ አፍ ውስጥ! ተማሪዎቼ ፊት አጨበጨብኩ። የኔታ አበዱ ብለው ይሆናል። ይበሉ።

ሐሙስ

ክፉ ቀን። ጠዋት ሰውነቷ እሳት ሆኖ አገኘናት። «እዝኒ፣ እዝኒ» እያለች ታቃስታለች።

ደብሪቱ ደረቷን ደቃች። «ያ ረቢ!» አለች በወሎዬ አፏ። «እዝን አለች! የለቀስተኛ እህል በሕፃን አፍ! ልጄን ደሴ ላይ ምን አገኘብኝ?»

እኔም ቀዘቀዝኩ። ፍርሃት ሲይዘኝ የሰሞኑ ትምህርቴ ሁሉ ጠፋ፤ ጆሮዬ አማርኛ ብቻ ሰማ። ዘነቡ ታየችኝ። ደብሪቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እሪ አለች፤ ጎረቤት ግር ብሎ መጣ።

በዚያ ጩኸት መሀል ልጅቱ ደግማ አቃሰተች። ስማት አልኩ ራሴን፤ በአማርኛ አይደለም፣ ስማት። እዝን… እዝነ ልቡና… ጆሮ!

ተንበርክኬ የራሴን ጆሮ ያዝኩ። «እዝን?»

ራሷን ነቀነቀችና ቀኝ ጆሮዋን በመዳፏ ከደነችው። ገለጥ አድርጌ አየሁት፤ ቀልቶ አብጧል።

«ደብሪቱ፣ ማንም አልሞተም! ጆሮዋን ነው ያመማት!»

ዓርብ

በበቅሎ መካነ ሰላም ወሰድናት። የጤና ጣቢያዋ ሐኪም ጆሮዋን በመብራት አየችና «አባ፣ ሽምብራ ነው። አብጦ ተቀርቅሯል» አለችኝ። መቼ እንደከተተችው እግዜር ይወቅ። በቀጭን መሣሪያ አወጣችው። ራሄል ጮኸች፣ እኔም አብሬ ሳልጮህ አልቀረሁም። መድኃኒት ሰጡን።

ስንወጣ በቀኛችን አውቶብስ ጥሩንባ ነፋ። ራሄል ዞረች! ኩርፊያም እልህም አልነበረም። በዚያ በኩል አትሰማም ነበር።

ቅዳሜ

ትኩሳቱ ለቀቃት። በላች። ደብሪቱ «አልሐምዱሊላህ» እያለች ጎረቤቱን እየጠራች ታወራለች። በእሷ አወራር ሐኪሟ የለችም፤ ሽምብራውን ያወጣው ግዕዝ ነው። አላረምኳትም።

ራሄል ተማሪዎቹ መሀል ገብታ ስትሯሯጥ ዋለች።

እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ ዘነቡ ደረሰች፤ ደህና ናት። እናትና ልጅ በዓረብኛ ተንጫጩ። ሲፈጥኑ የማውቀው ቃል እንኳ ያመልጠኛል። ትንሽ ቅር አለኝ።

ዘነቡ ድንገት ዐይኗን ጠረገች። «ምን አለችሽ?» አልኳት።

«‹አያቴ ይሰማኛል› አለችኝ፣ አባባ።»

ራሄል ከልጆቹ ጋር ልትጫወት ወጣች። ትንሽ ቆይታ ከግቢው ተጣራች፤ በጠራ አማርኛ።

«አባባ፣ ና!»

ደብሪቱ ደነገጠች። «ኧረ አንቺ! ‹ይምጡ› ይባላል!»

«ተያት» አልኩና ወጣሁ።