የቢጫው ሩዝ ጫፍ

ፓንዱ ተፈታ። ወንድሜ ተፈታ፣ አንቺዬ! ያ ገጣሚ፣ ያ አፉን መክደን የማያውቅ፣ በገዛ እግሩ ከወህኒ ወጣ። ቆይ፣ ሰላምታውን ረሳሁት።

ለልጅነት ጓደኛዬ፣ አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ነሽ? ልጅሽስ? የማካሳር ሙቀት ተስማማሽ? እኛ የሶሎ ከተማ ሰዎች አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናቴም ጉልበቷ እንጂ ምላሷ አልደከመም።

ደስ ብሎኛል፤ ግን ንዴቱም አልለቀቀኝም። ወታደሮቹ ፓንዱን ሲወስዱት በራቸውን የዘጉብን ጎረቤቶች፣ ጄኔራሉ ከሥልጣን በወረደ ማግስት ሁሉም የፓንዱ ወዳጅ ሆነው ቁጭ አሉ። ፓይሚን “ሩዙን እኛ ዘራን፣ ማንኪያውን እናንተ ያዛችሁ” የሚለውን የፓንዱን ስንኝ ሰው በሚጭንበት ባለሦስት እግር ብስክሌቱ ጭቃ መከላከያ ላይ ቢጽፍ፣ ጠቁሞ ያስደበደበው ማን ነበር? የሰፈራችን ሹም ካስዲ አይደለም? “በኖራ ሸፍነው” አሉት፣ ሸፈነው። ዝናብ ኖራውን ሲያጥበው ስንኙ ተመልሶ ወጣ። “እኔ ምን ላድርግ፣ ዝናቡን እሰሩት” አላቸው። ዛሬ የሰፈሩ ልጆች ገመድ የሚዘሉት በዚያው ስንኝ ነው።

ትናንት ታዲያ ይኸው ካስዲ ሸሚዙን አስተኩሶ መጣልን። ድግሱ በአዳራሹ ይሁን፤ ፓንዱም ስለ ወንዛችን የጻፈውን ለስላሳውን ግጥም ያንብብ፤ ቢጫው ሩዝ ተቆልሎ ሲቀርብ ጫፉ እንደ ወጉ ለክብር እንግዳው ይሰጥ አለ። “የክብር እንግዳው ማን ነው?” አልኩት። “እትዬ ሱሚያ፣ የሰፈሩ አባት እኔ አይደለሁ?” አይለኝ መሰለሽ። “አባት ልጁን አሳልፎ አይሰጥም። ድግሱ እኛ ግቢ ነው፤ ፓንዱም ያሻውን ያነባል። መጥተህ ከበላህ ከታች በኩል ትበላለህ” አልኩት። ያለ ፈቃድ ሰው መሰብሰብ ክልክል ነው ሊል ሲጀምር፣ እናቴ ከምንጣፏ ሳትነሳ “ካስዲ፣ አንተን ያዋለድኩህ እኔ ነኝ፤ ያኔም እያለቀስክ ነው የወጣኸው፣ አሁንም ውጣ” አለችው።

እሱ ሲሄድ “እማ፣ ጫፉን ፓንዱ ለማን ይስጥ?” አልኳት። “ለልጅ” አለች። የቱ ልጅ ብላት ወደ ግድግዳው ዞረች። የላክሽልንን የልጅሽን ፎቶ ከፓንዱ የልጅነት ፎቶ አጠገብ ከሰቀለችው ቆየች። የልጅቱ አባት መርከበኛ ነበር፣ ባሕር በላው ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብላትም “መርከበኛ” ብላ ሳቀች።

እኔም አልጠይቅሽም። ብቻ አኩርፌሽ እንደኖርኩ እወቂው፤ ፓንዱ በተወሰደ ሰሞን ሳትሰናበቺኝ ነው የሄድሽው። የሰው ወሬ ፈርተሽ ከነበረ፣ ዛሬ ባንቺ ላይ አፉን የሚከፍት ቢኖር ጠቡ ከኔ ጋር ነው።

ፓንዱ ከስቷል። የፊት ጥርሶቹን ሰብረውበት ሲያነብ ያፏጫል፤ ድምፁ ግን ያው ነው። ገና ከደጃፉ ሲገባ “ትጽፍልሻለች?” አለኝ። ማን አላልኩትም። ከዚያ የልጅሽ ፎቶ ፊት ቆመ፤ ሻዩ እስኪበርድ አልተቀመጠም።

አላህ ባሕሩን ያስተኛልሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ። እዚያ ያስጠጋችሽን አክስትሽንም አምጫት፤ ልጅቱን ግን ሳትይዢ እንዳትመጪ። ድግሱ የመጪው ወር የመጀመሪያው እሁድ ነው፣ ከቀትር ሰላት በኋላ። እስክትደርሱ ሩዙን ማንም አይነካውም።

ያልተሰናበትሻት ጓደኛሽ