ወሊዬ ብስክሌት ላይ ነው

ሐረር፣ ፈላና በር
እሑድ ነሐሴ 21 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዐብዱልጀሊል
ላይፕዚግ

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰው የቱንም ያህል ቢቆጣ ሰላምታ መንፈግ ስለማይገባው ነው ያልኩህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አንተን ግን «እንዴት ነህ?» አልልህም፤ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ላይ እንደምትቀመጥ ራስህ ዘርዝረህ ጽፈህልኛል።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ሐሙስ ነሐሴ 11 ነው። ፖስታው ወፍራም ነበር። ውክልናው ከነምስክሮቹ ፊርማ ገብቶበታል ብዬ ደስታዬን አልቻልኩትም። እማ ፊት ልከፍተው ብዬ በነጠላዬ ሸፍኜ ይዤው ስመጣ፣ ፈረስ መጋላ ላይ ትዕግሥቴ አለቀና አንድ ጨርቅ ሻጭ ደጃፍ ቆሜ ቀደድኩት። ምን አገኘሁ? ብስክሌት!

ዐብዱልጀሊል፣ ሦስት ደብዳቤ ጽፌልሃለሁ። በሦስቱም የለመንኩህ አንድ ነገር ነው። አባባ ከሞቱ ወዲህ ለኒካሕ የምትሰጠኝ ወሊዬ አንተ ነህ። በአምስት ዓመት የምበልጥህ፣ ጀርባዬ እስኪላጥ ያዘልኩህ፣ ንፍጥህን በቀሚሴ የጠረግኩልህ እኔ ለባል የምሰጠው በአንተ ቃል ነው። ይሁን፣ ሸሪዓው ነው፣ አልተከራከርኩም። መምጣት ካልቻልክ «እህቴን ሸምሲያን ለኢስሓቅ እንዲድር አጎቴን አው ሙሜን ወክያለሁ» ብለህ፣ ሁለት ሙስሊም አስፈርመህ ላክልኝ አልኩህ። ከአንድ መስመር አይበልጥም። እዚያ ከየአገሩ የመጣ ሙስሊም ተማሪ ሞልቷል ብለህ የጻፍክልኝ አንተው ነህ።

አንተ ግን አንድ መስመር ጠይቄህ አራት ገጽ ላክህልኝ። ስለ ኒካሑ ያልከው «እሱን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ» ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ሀንጋሪ ውስጥ ስላለው የወንዝ ሸለቆ፣ ስለ ግንቡ፣ ስለ ብስክሌቱ ማርሽ ነው። በመጨረሻም ዕቅዱን በተለየ ወረቀት አስምረህ ጻፍክልኝ። ተናድጄ ደጋግሜ ስላነበብኩት በቃሌ ይዤዋለሁ፦

አንደኛ ቀን፣ ነሐሴ 10። ጠዋት 3:40 በባቡር መድረስ። ብስክሌት መከራየት። በወንዙ ዳር 22 ኪሎ ሜትር።

ሁለተኛ ቀን። በእግር ወደ ግንቡ መውጣት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል። ዳቦ፣ አይብ፣ የተቀቀለ እንቁላል።

ሦስተኛ ቀን። በጀልባ መሻገር፣ ማዶ ያለችውን ትንሿን ግንብ ማየት።

አራተኛ ቀን። በባቡር ወደ ምዕራብ። እንደ አየሩ ሁኔታ።

ከሥሩ ደግሞ፣ «ሸምሲ፣ የጉዞ ዕቅድ አዋቂዋ አንቺ ነሽ፤ አንቺ ብትሆኚ ሁለተኛውን ቀን እንዴት ታደርጊዋለሽ? የኤረሩን ጉዟችንን ታስታውሻለሽ?» ትላለህ። ምክር የምትጠይቀኝ መንገድ ከጀመርክ በኋላ በሚደርሰኝ ደብዳቤ! እኔ ፈረስ መጋላ ቆሜ ሳነበው አንተ ግንብ እየወጣህ ነበር።

የኤረሩን ጉዞ አስታውሳለሁ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ አንተ ዘጠኝ። ሳምንት ሙሉ መንገድ ጠይቄ፣ ስንቅ ደብቄ፣ በኤረር በር ይዤህ ወጣሁ። ወንዙ ሳንደርስ ጫማህ ተበጠሰና መልሼ ያዘልኩህ እኔ ነኝ፤ አባባ ሲመጡ የተገረፍኩትም እኔ ነኝ። አንተ «እሷ ናት ያመጣችኝ» ብለህ ተገላገልክ። እሱንስ ታስታውሳለህ?

ለእማ ደብዳቤህን ወደ ቤታችን ቋንቋ እየመለስኩ ሳነብላቸው ግንቡ ላይ አስቆሙኝ።

«የማን ግንብ ነው?» አሉ።

«የድሮ ንጉሥ ነው አሉ።»

«አሁን ማን ይኖርበታል?»

«ማንም። ፈርሷል።»

«ሰው የሌለበት የፈረሰ ቤት ምን ሊሠራ ይወጣል? ለቅሶ ሊደርስ ነው?»

ስቄ ልሞት ነበር፣ ግን ንዴቱ አላሳቀኝም። ብስክሌቱ ጋ ስደርስ ደግሞ እማ ድሬዳዋ ላይ በኪራይ ብስክሌት ወድቀህ የሰበርከውን ጥርስ አንስተው ዱዓ ጀመሩ። የእኔ ኒካሕ ተረሳ፤ ቤቱ በሙሉ ያንተ ጥርስ ሆነ።

እዚህ ምን እንደሆነ ልንገርህ፣ ለመስማት ጊዜ ካለህ። ይህ ሠርግ ባንተ ምክንያት ሲተላለፍ ሦስተኛው ነው። መጀመሪያ «ፋብሪካ ለልምምድ ልከውኛል» አልክ፣ ጠበቅን። ቀጥሎ «ፈተና አለብኝ» አልክ፣ ጠበቅን። ዘንድሮ ከዐረፋ በኋላ የአንድ ወር ዕረፍት እንዳለህ ስትነግረን ቀን ቆረጥን። እንደ ሠርግ ወጋችን የቤቱን መደቦች ለሦስተኛ ጊዜ ቀይ አፈር ቀባናቸው። የአፎቻ፣ የዕድራችን፣ ሴቶች ለሦስተኛ ጊዜ ሥራ ተከፋፈሉ፤ አሚና «ሸምሲያ፣ ይኼ አፈር ካንቺ በፊት አርጅቶ ይረግፋል» ብላ በሰው ፊት ቀለደችብኝ። ቀበሌው ለሠርግ የፈቀደልን ስኳር እስከ ነሐሴ 30 ካልወሰድነው ይቀራል፤ እንደገና ፈቃድ ልጠይቅ ብሄድ ሊቀመንበሩ «እናንተ ሠርግ ነው ወይስ ስኳር የምትወዱት?» ሊለኝ ነው።

ከሁሉም የባሰው ኢስሓቅ ነው። መምህር መሆኑን ታውቃለህ፤ ዘንድሮ ኢሉባቦር፣ ጎሬ መድበውታል። ነሐሴ 28 ይሄዳል። ሳንጋባ ከሄደ የሚመለሰው በዓመቱ ነው፣ ያውም ከፈቀዱለት። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ሙጋዶቼ፣ አብረውኝ ያደጉት ሁሉ፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አስገብተዋል። ይህን ሁሉ በሦስት ደብዳቤ ጽፌልህ፣ አንተ የእንቁላሉን ነገር ትነግረኛለህ።

ለነገሩ ዕቅድህም ስህተት ነው። ግንብ በቀትር አይወጣም፤ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ፀሐዩ ሳይበረታ ነው የሚወጣ። 22 ኪሎ ሜትር ብስክሌት የነዳ እግር በማግስቱ ዳገት ካወጡት ይተሳሰራል፤ ስለዚህ የጀልባውን ቀን ሁለተኛ፣ የግንቡን ሦስተኛ ማድረግ ነበረብህ። እንቁላሉ ደግሞ ያለ ጨው አይበላም፤ ጨው አልጻፍክም። ማን ጨው ያስታውስህ!

ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት፣ ዓርብ፣ ቴሌ ሄጄ ቴሌግራም ላክሁልህ፦ «ውክልና ላክ። ሸምሲያ።» ለአድራሻህ ነው የላክሁት፤ አራተኛው ቀን ቅዳሜ ያልቃል፣ እሑድ ይመለሳል፣ ሰኞ ያየዋል ብዬ አሰብኩ። ሰኞ መልስ አልመጣም። ማክሰኞም። ረቡዕ ኢስሓቅ እንዳልቆጣ እየፈራ «መልስ የለም?» አለኝ። ጮኽኩበት። ምንም ያላጠፋ ሰው ላይ ባንተ ፋንታ ጮኽኩበት።

ሐሙስ ነሐሴ 18 ቃዲው ጋ ሄድን፤ እኔ፣ እማ፣ አው ሙሜና ኢስሓቅ። አው ሙሜ የእማ ወንድም ስለሆኑ ውክልና ከሌላቸው ሊድሩኝ አይችሉም፤ ወሊ ሩቅ አገር ከሆነ ግን ቃዲው በቦታው ገብቶ ይድራል ተብለን ነበር። ቃዲው ሽማግሌ ናቸው፣ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩ።

«ወንድምሽ የት ነው ያለው?» አሉኝ።

«ጀርመን ነው የሚማረው፣ አሁን ግን ሀንጋሪ ሄዷል።»

«ምን ሊሠራ?»

«ብስክሌት ሊነዳ» ለማለት አፈርኩ። ከዚያ ሌላ ማስረጃ ስላልነበረኝ ዕቅድህን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽር አልያዙም ነበርና «አንብቢልኝ» አሉ። እዚያ መስጂድ በሚያህል ጸጥታ ውስጥ ብስክሌት፣ ዳቦ፣ አይብ እያልኩ አነበብኩላቸው! ኢስሓቅ ሳቁን ለመያዝ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። አው ሙሜ «ወላሂ፣ የገዛ አገሩን ግንብ፣ ጁገልን፣ ዞሮ ያልጨረሰ ልጅ የሰው ግንብ ሊቆጥር ሄደ!» አሉ። እኔ ፊቴ እንደ በርበሬ ቀልቷል።

ቃዲው አልሳቁም።

«መንገዱ ሩቅ ነው፣ እሱስ ይበቃል» አሉ። «ግን ልጄ፣ የሚሄድበትን ቀን አነበብሽልኝ። የሚመለስበት የት አለ?»

ወረቀቱን ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነው። እንደገና ከላይ ጀምሬ አየሁት። የመድረሻው ባቡር ደቂቃው ሳይቀር ተጽፏል። የመመለሻው ባቡር የለም፤ የመጨረሻው ባቡር ወደ ምዕራብ ነው። ስንት ቀን በቃሌ ስደግመው የከረምኩትን ወረቀት ያን ጊዜ ነው ያነበብኩት። አንተ ስንቅህን እንጂ መንገድህን የምትረሳ ልጅ አይደለህም።

«ንገሪኝ» አሉ ቃዲው። «የሚመለስ ከሆነ እጠብቀዋለሁ። ቅርብ ቀን የሚመጣ ወንድም እያለ በቦታው መቀመጥ አልወድም። ይመለሳል ወይስ አይመለስም?»

ኢስሓቅ «እንጠብቀው ግድ የለም፣ ዓመትም ቢሆን» አለ። ከልቡ ነው። እኔ ግን እማን አየሁ። እማ መሬት መሬት ነው የሚያዩ። እሳቸውም ከእኔ በፊት እንዳወቁ ያን ጊዜ ገባኝ። ያን ዱዓ ያደረጉት ለጥርስህ አልነበረም።

«አይመለስም» አልኩ።

እናትህ ፊት ቆሜ፣ በሁለት ምስክር ፊት፣ ወንድሜ አይመለስም አልኩ! ከዚህ ሁሉ ያናደደኝ ይኼ ነው፣ ዐብዱልጀሊል። ብስክሌቱን ይቅር እልሃለሁ። ግንቡንም ይቅር እልሃለሁ። ግን ይህን ቃል ራስህ ትናገረው እንጂ ለምን ከእኔ አፍ ታስወጣዋለህ? አሁንም እንደ ኤረሩ እኔ ልገረፍልህ?

የቃዲው ጸሐፊ ብዕሩን ይዞ እማን አያቸው። እማ አላለቀሱም። «ልጅቷ ያለችውን ሰምታችኋል፤ ጻፉት» አሉ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ኒካሑ ታሰረ። ቃዲው ባንተ ቦታ ሆነው ሰጡኝ። ኢስሓቅን ቃሉን ሁለት ጊዜ አስደገሙት። ሩዙ አልጎደለም፣ ስኳሩም ተወሰደ፣ አሚና እስኪበቃት ዘፈነች። ቆንጆ ነበርኩ ይላሉ። የዛሬ ሳምንት ወደ ጎሬ እንሄዳለን፤ እማ አው ሙሜ ጋ ይከርማሉ። የጎሬ አድራሻችንን እንደያዝን አው ሙሜ ጋ አስቀምጣለሁ።

እማ ዕቅድህን ከእጄ ወስደውታል። ማንበብ እንደማይችሉ ታውቃለህ፤ አጥፈው ከደረታቸው ያስቀምጡታል፣ ያወጡታል። ትናንት ደግሞ «አራተኛውን ቀን እንደ አየሩ ነው ብሏል አይደል? ያን ቀን እዚያ አየሩ ምን ነበር ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው? «ብራ ነበር» አልኳቸው። አላህ ብራ አድርጎት ይሆን፣ አላውቅም።

ይህ ደብዳቤ ላይፕዚግ ቢደርስም አንተ እዚያ ላትኖር ትችላለህ። ከአንተ በፊት ፖስታውን ከፍቶ የሚያነበው ሰው ካለም፣ ወንድም፣ አንተም ስማ፦ አይመለስም ያልኩት ለኒካሑ ያህል ነው፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለም።

ዐብዱልጀሊል፣ ገና አልበረደልኝም። አሁን ብትመጣ ጆሮህን እጎትተዋለሁ። ግን የትም ሁን የት አላህ ከክፉ ይጠብቅህ፣ ከፊትህም ከኋላህም ጥላ ይሁንህ፣ በማታውቀው አገር የሚያውቅህ ሰው አያሳጣህ። በማንኛውም ስም፣ ከየትኛውም አገር፣ ለእማ አንድ መስመር ጻፍ።

እኔን ደግሞ አንድ ነገር አድርግልኝ። ያሻህን ያህል ቆይ፣ ግን አንድ ቀን ይህን በር ግፋና ግባ፤ ከዚያ እጄን ይዘህ ቃዲው ፊት ውሰደኝና ውሸታም አሰኘኝ።

እህትህ
ሸምሲያ